በአራት ሙያዎች መካከል የወደቀን ጥያቄ እንዴት እንመርምር?

አንድ የምርምር ጥያቄ ፊዚክስን፣ ኮምፒውተር ሳይንስን፣ ምሕንድስናንና ሕግን አንድ ላይ ሲነካ፣ ተማሪውን ይበልጥ የሚያስቸግረው አንዱ ሙያ ማስረጃ ብሎ የሚቀበለውን ሌላው በዚያው ዓይን አለማየቱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ ሕጉ ስድስት ኪሎ ይሰጣል፤ መንገዱ በእግር የሚዳረስ ቢሆንም የአሠራር ልማዳቸው ግን የተራራቀ ነው። አካሄዱን የማሳየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በከተማው ጎዳና ላይ በራዳር የተለካ የተሽከርካሪ ፍጥነት በፍርድ ቤት ምን ያህል ሊታመን ይገባል?

ብዙዎች ከመሣሪያው ይጀምራሉ። እኔ ግን ከሕጉ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ መረጋገጥ ያለበት ፍሬ ነገር የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ሕጉ ነውና። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003ን አግኝቶ መቆም አይበቃም፤ ከእሱ ወዲህ የወጡትን ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ ላይ አንድ በአንድ መከታተል ያስፈልጋል። ታርጋው በካሜራ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መታየት አለበት። ይኸው አዋጅ በእንግሊዝኛው 1321/2024 ተብሎ ስለሚጠቀስ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ልብ ያላለ የውጭ አንባቢ ሁለት አዋጅ ያለ ሊመስለው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የበላይነት ያለው አማርኛው ስለሆነ፣ አንቀጹን ሁልጊዜ ከአማርኛው ይጥቀሱ። ከዚያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን ይፈልጉ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት የተሰጠ የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የምሁራን ሐተታ ከእሱ በኋላ የሚነበብ ነው።

ሕጉ ጥያቄውን ካጠበበልዎ በኋላ ወደ ፊዚክሱ ይሻገሩ፤ እዚህ ላይ ጥቅስ ከመሰብሰብ ይልቅ ራስዎ ማስላት ይሻላል። ራዳር የሚሠራው በዶፕለር ክስተት፣ ማለትም ከሚንቀሳቀስ ነገር የሚመለስ ሞገድ ድግግሞሹ እንደ ፍጥነቱ መጠን በመለወጡ ነው። በ24.15 ጊጋሄርትዝ የሚሠራ ራዳር፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደ እሱ ከሚመጣ መኪና የሚመለስለት ሞገድ ድግግሞሹ በ2,680 ሄርትዝ ገደማ ይጨምራል። መሣሪያው ከመኪናው አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ካዘነበለ የሚያነበው 60 በዚያ ማዕዘን ኮሳይን (0.94 ገደማ) ተባዝቶ 56.4 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ራዳሩ በጎን ስለቆመ ፍጥነቴን አብዝቶ አነበበ» የሚል መከራከሪያ፣ አንድ ቦታ ቆሞ ለሚለካ መሣሪያ ፊዚክሱ የሚደግፈው አይደለም፤ ስሕተቱ ለአሽከርካሪው ያዳላል። እንዲህ ያለ አንድ ስሌት ከአሥር ገጽ ሐተታ የበለጠ ሕጋዊ ክርክሩን ያጠራል። ውጤቱን ሲጽፉ ግን የልኬቱን የስሕተት ወሰን አብረው ካላሰፈሩ የፊዚክስ አንባቢ አይቀበልዎትም።

በምሕንድስናው በኩል ጥያቄው አጭር ነው፤ መሣሪያው መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ደረጃ ተፈትሿል? ለተሽከርካሪ ፍጥነት ራዳር ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ልኬት ድርጅት ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 91 አለ፤ የፍተሻ ሰነዱን ከእሱ ጋር ያስተያዩ።

የኮምፒውተር ሳይንሱ ክፍል ሌላ ልማድ አለው። በዚህ ሙያ የጉባኤ ጽሑፍ ከጆርናል ያልተናነሰ ክብር ስላለው «ጆርናል ብቻ እጠቅሳለሁ» የሚል ሰው ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች ያጣል። በሌላ በኩል በአውሮፓውያኑ 1991 በፊዚክስ ባለሙያዎች መካከል የተጀመረው አርካይቭ (arXiv) በተባለው የቅድመ ኅትመት ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ የሚገኝ ጽሑፍ በገምጋሚዎች ያላለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ የታተመ ቅጂ ካለው ያንን ይጥቀሱ። ታርጋ የሚያነብ ፕሮግራም ሲገመግሙም የትክክለኛነቱን መቶኛ ከማድነቅዎ በፊት የሠለጠነባቸው ምስሎች የግዕዝ ፊደል ያለበት ታርጋ እንዳለባቸው ይጠይቁ፤ በላቲን ፊደል ብቻ የሠለጠነ ፕሮግራም «አአ»ን ያነባል ብሎ መገመት አይቻልም።

ጽሑፎቹን ለማግኘት ክፍያ ከማሰብዎ በፊት ተቋምዎ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ (Research4Life) የተመዘገበ መሆኑን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ይጠይቁ። በሥሩ ካሉት የጽሑፍ ስብስቦች ጎዋሊ (GOALI) ለሕግ፣ አርዲ (ARDI) ደግሞ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው። የዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ይታይ፤ ርእሱን ከእርስዎ በፊት የነካ ሰው ካለ ቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

ረቂቁ ሲያልቅ የሕጉን ክፍል ለፊዚክስ ባለሙያ፣ የፊዚክሱን ክፍል ለሕግ ባለሙያ ያስነብቡ። የሕግ ባለሙያው 60 የነበረው ፍጥነት ለምን 56.4 ተብሎ እንደተነበበ በራሱ አነጋገር መግለጽ ካቃተው፣ ያንን አንቀጽ እንደገና ይጻፉት።