«አባባ እኮ 30 ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው»፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወላጆች ሲነዱ ልጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ርዕሱ ላይ ያለውን አባባል ባለፈው ወር ደግሜ ሰማሁት። አልዛይመር እንዳለባቸው የተነገራቸው አባት ቁልፋቸውን አንስተው ሲወጡ ልጃቸው ከሶፋው ሳይነሳ ነው የተናገረው። በዋሽንግተን ታክሲ ነድተው ልጆች ያሳደጉ አባቶች አሁን ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ ገና ብዙ ቤት እሰማዋለሁ። ከሱ ልጀምር።

እውነት ነው፣ እጅና እግር ቶሎ አይረሱም። መሪ መያዝ፣ ፍሬን መርገጥ፣ መስታወት ማየት በዓመታት ድግግሞሽ የሰረጸ ልማድ ስለሆነ በሽታው ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። እሑድ ጠዋት ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አብራችኋቸው ብትሄዱ አንድም ስህተት ላታዩ ትችላላችሁ። ከዚያ አስቀድሞ የሚሸረሸረው ሌላ ነው፦ ሐሳብን ለሁለት ለሦስት ነገር ማካፈል፣ ርቀትና ፍጥነት መገመት፣ ያልጠበቁት ሲመጣ ቶሎ መወሰን። ወደ ግራ መታጠፍን አስቡት። ከፊት የሚመጣውን መኪና መገመት፣ የሚሻገረውን እግረኛ ማየት፣ መብራቱን መከታተል፣ ሁሉም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ። በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ በተለይም ወደ ግራ ሲታጠፉ ለአደጋ የሚጋለጡት ለዚህ ነው። የዲሲን ጎዳናዎች እንደ ዳዊት በቃላቸው የሚወጡልኝ አንድ የቀድሞ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ላይ መውጫው አለፋቸው፤ «የሚቀጥለው ነው» እያሉ ሌሊቱን ከቤታቸው ርቀው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሪችመንድ አካባቢ ነዳጅ አልቆባቸው ተገኙ። 30 ዓመት መንዳታቸው አላዳናቸውም፤ ቤተሰቡ እንዲዘናጋ ግን አድርጎታል። እባካችሁ፣ ይህን አባባል ተዉት።

«እማማ ከጎናቸው ተቀምጠው ይነግሯቸዋል።» እማማ «ቀይ ነው!» እስኪሉ መኪናው መሀል መንገድ ገብቷል። ከጎኑ የሚነግረው ሰው ካስፈለገው፣ ያ ሰው መንዳት ማቆም አለበት።

«አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ።» ይህ ከፍቅር የመጣ ስህተት ስለሆነ መቆጣት ይከብደኛል። ሐኪሙ «መንገድ ጠፍቶብዎት ያውቃል?» ይላል፤ አባት «ኧረ በፍጹም» ይላሉ፤ ልጅ አባቱን ሰው ፊት ማዋረድ ስለማይሆንለት ያንኑ ይተረጉማል። የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ በ2010 ለሐኪሞች ባወጣው መመሪያ ሕመምተኛው ራሱ «ደህና እነዳለሁ» ማለቱ መተማመኛ እንደማይሆን፣ የቅርብ ሰው «አነዳዱ ያሰጋኛል» ማለቱ ግን ሚዛን እንደሚደፋ ይናገራል። ያ የቅርብ ሰው እናንተ ናችሁ፤ በትርጉም መሀል ዝም ካላችሁ ማን ይናገራል? ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። ያያችሁትን ደግሞ ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ከቀጠሮው በፊት ለሐኪሙ ስጡ፦ የጋራዡ በር ላይ ያለው አዲስ ጭረት፣ ከሱቅ ለመመለስ የፈጀባቸው ሁለት ሰዓት። ምን እንደምትጽፉ ከጠፋችሁ አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ልጆቻችሁን ከሳቸው ጋር ብቻቸውን መኪና ውስጥ ታስገባላችሁ?

ምርመራው በተነገረ ማግስት ሁሉም ያቁም አልልም። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ሰው የመንዳት ብቃት በሚመዝን የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ መንገድ ላይ ተፈትኖ ሊያልፍ ይችላል። ክፍያው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ስህተቱ አንዴ ያለፉትን ፈተና ለዘለቄታው ማመን ነው። በ6 ወሩ ይደገም። በሽታው ሌዊ ቦዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን፣ የሌለ ነገር ስለሚያሳይና ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ፣ መንዳት ማስቆሙን ነገ ዛሬ አትበሉ።

ለእንቅልፍና ለአለርጂ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ፣ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው ክኒኖች የደከመውን አእምሮ ይበልጥ ያደነዝዛሉ። የመድኃኒት ሣጥናቸውን ክፈቱ።

«ክረምቱን አዲስ አበባ ሄደው እዚያ ይንዱ፤ ማን ይጠይቃቸዋል?» የሚሻገረው የሰው ልጅ እዚያም ያው ነው።

ቁልፍ መደበቅን በተመለከተ እኔም አጥፍቻለሁ። የገዛ አባቴን ቁልፍ ደብቄ «መኪናው ተበላሽቷል» አልኳቸው። የነገርኳቸውን ረስተው በየቀኑ ለሜካኒክ ይደውሉ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲያገኙት ሌባ አሉኝ፤ ለሳምንታትም ከእጄ ምግብ አልበሉም። መኪናው ከዓይናቸው መራቅ ነበረበት፤ «አቁሙ» የሚለው ቃልም ከእኔ መምጣት አልነበረበትም። በመጨረሻ የሰሙት የነፍስ አባታቸውንና ሐኪማቸውን ነው። ሐኪሙ «መንዳት አይፈቀድም» ብሎ ፈርሞ የሰጣቸውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍንላቸው፤ በጠየቁ ቁጥር እናነበዋለን። ይህም እምቢ ቢል ቤተሰብ ራሱ ለኤምቪኤ (የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት) ጽፎ እንደገና እንዲመረመሩ መጠየቅ ይችላል። በሜሪላንድ ይህን የሚያይ የሐኪሞች ቦርድ ከ1947 ጀምሮ አለ። መንጃ ፈቃዱ ሲመለስ በምትኩ መታወቂያ አውጡላቸው፤ የኪስ ቦርሳቸው ባዶ አይሁን።

የመጨረሻው፣ ብዙ ቤት ያየሁትና የሚያሳዝነኝ፣ ቁልፉን ወስዶ ሰውዬውን መርሳት ነው። አባት የሚነዱት ለቅዳሴ፣ ለዕድር፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ቡና ለመጠጣት ነበር። መኪናው ሲቀር እነዚህ ሁሉ አብረው ከቀሩ በሽታውም ሊብስባቸው ይችላል። በሕመም ምክንያት በመደበኛ አውቶቡስና ባቡር መሄድ ለማይችሉ ሰዎች የተዘጋጀው የመጓጓዣ አገልግሎት፣ ሜትሮአክሰስ ላይ አመልክቱ፤ ግን ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ቁልፉን ከመውሰዳችሁ በፊት ጀምሩ። እኛ ቤት ከሐኪሙ ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፤ በትልልቅ ፊደል፦ እሑድ ወንድሜ፣ ረቡዕ እኔ፣ ዓርብ የጎረቤታችን ልጅ።