ከኬሞ በኋላ ሆድ ሲያስቸግር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካንሰር መድኃኒቱ፣ ኬሞው፣ አልቋል። ፀጉር መብቀል ጀምሯል፣ ጠያቂም ቀንሷል። ሆድ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አንዴ ተቅማጥ፣ አንዴ ድርቀት፣ ሲበሉ መነፋት። አንዳንዱ በሳምንታት ይስተካከልለታል። ሌላው ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይቸገራል። በተለይ ዳሌው አካባቢ ጨረር የወሰደ ወይም አንጀቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ብዙ ይቆይበታል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚጀምሩት ሳይመረመሩ ለሕመሙ ስም ከማውጣት ነው።

«አሜባ ነው» ብሎ ፋርማሲ መሄድ

የስህተቶቹ ሁሉ አለቃ ይሄ ነው። ሆድ ሲላላ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጥ ለብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል። አሜባም ጃርዲያም በእርግጥ አሉ፤ በሰገራ ምርመራ ከተገኙ ይታከማሉ። ኬሞ የወሰደ ሰው ግን ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ይመታል፤ የአንጀት ሽፋን ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሽፋኑ ሲጎዳ የወተት ስኳር አልፈጭ ሊል ይችላል። ሐሞት በአግባቡ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ተቅማጥ ያመጣል። በቀጭኑ አንጀት ባክቴሪያ ከልክ በላይ ይራባል። ቆሽት በቂ ኢንዛይም ካላመነጨ ደግሞ ሰገራው ቅባት ይበዛበታል፣ በጣም ይሸታል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሁሉም የየራሳቸው ሕክምና አላቸው። «የኬሞው ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ መተውም ያው ሳይመረመሩ መገመት ነው።

ሜትሮኒዳዞልን ደጋግሞ መዋጥ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ኦክሳሊፕላቲን፣ ፓክሊታክሰል ወይም ቪንክርስቲን ከሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች በኋላ ጣቶችዎ የሚደነዝዙ ከሆነ በጉዳት ላይ ጉዳት እየጨመሩ ሊሆን ይችላል። ፍሎሮዩራሲል የሚባለውን ኬሞ ገና እየወሰደ ላለ ሰው ደግሞ የኬሞውን ጉዳት ሊያከብደው ይችላል።

«ኪንታሮት ነው» ብሎ ማሳከም

ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር ጨረርና ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ የወሰደች ሴት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሰገራዋ ላይ ደም ልታይ ትችላለች። ጨረሩ የፊንጢጣን ውስጠኛ ሽፋንና የደም ሥሮች ስለሚጎዳ ነው። ጎረቤት ሰምቶ የኪንታሮት ባህል ሐኪም ይጠቁማል። የሚቀባው፣ የሚቆረጠው፣ የሚያቃጥለው ነገር ይከተላል። ጨረር ያረፈበት ቦታ ግን ቁስሉ በቀላሉ አይሽርም። ደሙ ትንሽም ቢሆን ሐኪም ይየው። ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይሆንም መጣራት አለበት።

ድርቀትን እንደ ተቅማጥ ማከም

ይሄ ሰውን ያሳስታል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ትራማዶልና ሞርፊን፣ ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን፣ የብረት እንክብልም ጭምር ሆድ ያደርቃሉ። ደረቁ ሰገራ ተከማችቶ ሲዘጋ ቀጭን ፈሳሽ በጎኑ እያለፈ ይወጣል። ቤተሰብ «ተቅማጥ ያዘው» ብሎ ማቆሚያ ይሰጣል፣ ነገሩም ይብሳል። ለቀናት ደርቆ ቆይቶ ድንገት ውኃ ውኃ ካለ ማቆሚያ ከመዋጥዎ በፊት ይመርመሩ። ተልባ ለድርቀት ደህና ነው፤ በላዩ በቂ ውኃ ካልተጠጣ ግን ራሱ ይዘጋል።

«ሰውነቷ ይመለስ» እየተባለ የሚቀርበው ሳህን

ማንም በክፋት አያደርገውም። እናት ወተት ታፈላለች፣ ወንድም ክትፎ ይዞ ይመጣል። ሁሉም ይጎርሳል፣ ያጎርሳል። ወተት ከጠጡ በኋላ ሆድዎ የሚጮህና የሚነፋ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ያህል ያቁሙትና ለውጡን ይዩ። እርጎና አይብ ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። ሥጋው ለብለብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይሁን፤ የሰውነት መከላከያ ገና ሳይመለስ ጥሬ ነገር አደጋ አለው።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። ሆድን ፈርቶ ለወራት አጥሚትና ሩዝ ላይ ብቻ መኖር ሰውን ያከሳል። በርበሬው በዛ ካለብዎት አልጫ አለ። ሽሮና ባቄላ ከነፉዎት መጠኑን ይቀንሱ እንጂ ሁሉንም አይጣሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ይረዳል።

ስለዚህም ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ አንዴ ጠግቦ መብላት እንዲህ ላለ ሆድ የሚከብደው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀል ያውቃሉ።

ኮሶን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ተጎድቶ የቆየ አንጀትን እንደገና ማጠብ ነው፤ ይቅር።

በተቅማጥ ጊዜ ለስላሳ መጠጣት

ስኳር የበዛበት መጠጥ ውኃን ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡንም ያበዛል። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይግዙ። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ ይበጥብጡት። ቶሎ እንዲያድን ብሎ ማወፈር አይጠቅምም።

ለሐኪም ደብቆ መቅረት

ስለ ሰገራ ማውራት ያሳፍራል። ሐኪሙም ወረፋው በዝቶበት ላይጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ይጀምሩ፦ በቀን ስንቴ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል ወይ፣ መልኩ ምን ይመስላል፣ ምን ሲበሉ ይብሳል።

ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሰገራ ከጠቆረ ወይም ደም ካለው፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝ አልወጣ ካለና ካስመለሰዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። በሀገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ራቅ ብሎ ታክሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የአካባቢው ጤና ጣቢያ የእርስዎን ታሪክ አያውቅም። የመድኃኒቶቹ ስምና የመጨረሻው ኬሞ ቀን ያለበትን ወረቀት ይያዙ፣ ካርድ ክፍል ገና ሲደርሱም «ኬሞ ወስጃለሁ» ይበሉ።