ከዘመድ ርቆ ትዳርን ማጽናት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ባልና ሚስት

ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጉራጌ ወይም ከወላይታ ተነሥተው በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በለገጣፎ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ኑሮ የሚጀምሩ ባልና ሚስት አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ኪራይና ስለ አስቤዛ ነው። ይሁንና በአገር ቤት ትዳርን ደግፎ የሚያቆመው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሲኳረፉ የሚገሥጽ አባት፣ ስትወልድ የምታርስ እናት፣ ጭቅጭቅ ሲሰማ ገብቶ የሚገላግል ጎረቤት አለ። ከተማ ዳር የሰፈሩ ባልና ሚስት ይህን ሁሉ ትተው የመጡ በመሆናቸው፣ ትዳራቸው ችግርን አልፎ እንዲዘልቅ ከፈለጉ ድጋፉን በአዲሱ ሰፈር ጠብ ሳይነሣ መልሰው ማቆም ይኖርባቸዋል።

መጀመሪያ ሽማግሌ ይምረጡ። ሽማግሌ ከጠብ በኋላ ሲፈለግ ባል የራሱን ወገን፣ ሚስትም የራሷን ወገን ስለሚጠሩ እርቁ ወደ ሙግት ይለወጣል። ስለዚህ በሰላሙ ጊዜ ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ለምሳሌ የነፍስ አባትን ወይም የመስጊዱን ሼህ፣ እንዲሁም በሰፈሩ ልጆች አሳድገው የቆዩ አንድ ባልና ሚስትን ቀርበው፣ ቢጋጩ ወደ እነርሱ እንደሚመጡ ቢነግሯቸው መልካም ነው። ከተመረጡት መካከል ሴት መኖር አለባት፤ ሚስት ለወንድ ሽማግሌ የማትናገረው ብዙ ነገር አለና። ሽምግልና ግን ዱላን ለመሸፈን አይደለም። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ የተመታች ሚስት «ቻይው» መባል የለባትም፤ መሄድ ያለባት ወደ ፖሊስ ነው።

እድር ለመግባት ልጅ እስኪወለድ ወይም ሐዘን እስኪደርስ አይጠበቅም። ሲመዘገቡ የባልም የሚስትም እናትና አባት ስም በመዝገቡ መስፈሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ገንዘብ ነው። በእኔ እምነት የስደተኛን ትዳር ከድህነት ይልቅ የሚጎዳው በድብቅ ወደ አገር ቤት የሚላክ ብር ነው። ለእናት መላክ ነውር አይደለም፤ የሚያቆስለው ሚስት ለልጇ ወተት አጥታ ሳለ ባል ለእኅቱ መላኩን ከሌላ ሰው ስትሰማ ነው፤ ሚስት ስትደብቅም እንዲሁ። ደመወዝ በተቀበሉ ወይም የቀን ሥራ ሒሳብ በተከፈለ ቁጥር አብረው ተቀምጠው ኪራዩን፣ አስቤዛውንና የእቁቡን ካስቀመጡ በኋላ ለሁለቱም ቤተሰቦች የሚላከውን ይቁረጡ። ለመስቀልና ለፋሲካ የሚላከው ከወራት በፊት ቢጠራቀም በበዓል ዋዜማ ብድር አይገባም። ለሕክምና ወይም ሥራ ፍለጋ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ በዚያች አንድ ክፍል ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም እንግዳው ከመድረሱ በፊት ይነጋገሩ፤ እንግዳው ባለበት የሚነሣ ጭቅጭቅ ለአስተናጋጁም ለእንግዳውም ውርደት ነው።

እቁብ የደረሰው ሰው ዋስ ጥሩ ሲባል ብዙ ባሎች ሚስታቸውን ሳያማክሩ ለጓደኛቸው ይፈርማሉ። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የሚመለከታቸው የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ሳይመካከሩ አለመፈረም ግን በየትኛውም ሰፈር ይጠቅማል። በትዳር ውስጥ በሥራ የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ተደርጎ እንደሚቆጠርም ሁለቱም ማወቅ አለባቸው።

በየጊዜው ቤት መልቀቅ ልጆችን ከትምህርት ቤት፣ ወላጆችን ከእድራቸውና ከሽማግሌዎቻቸው ስለሚነጥል፣ የኪራዩ ውል የትዳሩም ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። በውሉ ላይ የሁለቱም ስም ቢገባ ይመረጣል።

ሚስት በቦሌ ለሚ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካ በፈረቃ፣ ባል ደግሞ በግንባታ ላይ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ከሆነ፣ ለሳምንታት በወጉ ሳይነጋገሩ ሊያልፉ ይችላሉ። አንድ የጋራ የዕረፍት ግማሽ ቀን ለይተው፣ በዚያን ሰዓት እንግዳም ተጨማሪ ሥራም ባይቀበሉ፣ ከላይ የተባለውን የገንዘብ ሒሳብም ለዚያ ቀን ቢያቆዩት ይሻላል። በዕለቱ ስለ ብር ብቻ እንዳይነጋገሩ ግን ሒሳቡን አስቀድመው ጨርሰው ቡናው ከዚያ በኋላ ይፈላ።