ሪያድ ሆነሽ የደሴ ፍቅርሽ ሲያበቃ
እኔ ሪያድ፣ እሱ ደሴ፤ የተለያየነው በስልክ መተግበሪያ፣ በኢሞ ነው። የጎዳኝ ሰዓታችን አንድ መሆኑ ነው፤ እዚህ ማታ ሦስት ሲል ደሴ ፒያሳም ሦስት ነው፣ እጄ ስልክ ይፈልጋል። እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሰዓት ጠብቂው፦ ስልኩን ኩሽና ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ተኚ። ቁጥሩን ለማጥፋት አትቸኩዪ፤ በስሙ የላክሽው ብር ካለ የሐዋላ ደረሰኞችሽን ሰብስቢ፣ ከዚያ ዝጊው። ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት፤ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ወሬ ከስልክ ይፈጥናል። የእኛው አምባሰልና ባቲ ለጊዜው ይቅሩብሽ (የወሎ ቅኝት ከፍቅሩ ለተለየ ሰው አይራራም)። አርብ ዕረፍት ካለሽ ቡና አፍልተሽ የአገር ልጅ ጥሪ። ከአቦል እስከ በረካ ስለ እሱ አውሪ፣ ሲኒው ሲታጠብ ግን ይብቃ። እኔ በአራተኛው አርብ ስሙን ሳልጠራ ረከቦት አነሳሁ።