ያለ ኬሚካል የተቀመጠ የመጠጥ ውሃ ለምን ይበላሻል? ችግሩና መፍትሄው

ደሴ ላይ የቧንቧ ውሃ ፈረቃው በደረሰ ቀን ባዶ ጀሪካን አያድርም። ክሎሪን ሳይጨምሩ ውሃን ለወራት ማቆየት ይቻላል። ሆኖም በኋላ የሚገባበትን ተህዋስ የሚገታ ነገር ስለሌለ ጥንቃቄው ሁሉ በዕቃው፣ በክዳኑና በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው።

የፈላው ውሃ ሸተተ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚንተከተከው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ስለዚህ ገና መንተክተክ ሲጀምር ማውረድ አይበቃም፤ 3 ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ዝቅ ብላ ለምትገኘው ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በደንብ የፈላ ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን ይገለበጣል፣ ወይም መሬት ላይ የተቀመጠ ክዳን ተመልሶ ይገጠምበታል። ውሃውን በፈላበት ድስት እንደተከደነ ያቀዝቅዙት። ጀሪካኑንና ክዳኑን በሳሙና አጥበው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁ፤ ከዚያ እስከ አፉ ሞልተው አጥብቀው ይክደኑት።

የጀሪካኑ ውስጥ ያሟልጫል። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም አይመኑት። የሚያሟልጨው ተህዋስያን ግድግዳው ላይ የሠሩት ስስ ልባስ ነው፤ ማለቅለቅ ብቻ አያስለቅቀውም። ሁለት እፍኝ ጥሬ ሩዝ ወይም የታጠበ ደቃቅ ጠጠር፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ጨምረው እንደ ወተት ይናጡት። ውስጡ የተሰነጠቀ ጀሪካን ለልብስ ማጠቢያ ይሁን።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ቢጫም ሆነ ነጭ ጀሪካን ብርሃን ያስገባል፤ አልጌ የሚያድገውም በብርሃን ነው። ዕቃውን አጥበው ከበረንዳ ወደ ጨለማ ጓዳ ያስገቡት።

ጋዝ ጋዝ ይላል። የነዳጅ ትነት በፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል፤ ውሃና ነጭ ጋዝ አንድ ጓዳ አያድሩ። ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

በርሜሉ ውስጥ ትል የሚመስል ነገር ይርመሰመሳል። የትንኝ እጭ ነው፤ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ቦታ ፈጥኖ ይራባል። ውሃውን ይድፉት። የአንዳንድ ትንኞች እንቁላል ከውሃው ልክ በላይ ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ያንን ዙሪያ በብሩሽ ይፈግፍጉ። ከዚያ የበርሜሉን አፍ ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍነው ይሰሩት።

ነጭ ብናኝ ዘቀጠ። ሲፈላ ከውሃው የተለየ የኖራ ማዕድን ነው፤ አይጎዳም።

የሞሉበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ ጽፈው በየ6 ወሩ ይለውጡ። የተከፈተውን ኩባያ ሳያስገቡ እየቀዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱት፤ ከተጠራጠሩ ከመጠጣትዎ በፊት እንደገና ያፍሉት።