የመኪና ብልሽት መመርመሪያ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል? ለወሎ አሽከርካሪዎች

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወጣ አሽከርካሪ ይህን ያውቀዋል። ዳገቱ እኩሌታ ላይ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ይሳባል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ብጫ መብራት ቦግ ትላለች። ደሴ ገብቶ ጋራዥ ሲቆም የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ብዙውን ጊዜ «ይህ ዕቃ ይቀየር» የሚል ነው። ዕቃው ተገዝቶ ይገጠማል። በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ ትበራለች።

ይህን የምጽፈው መኪናቸውን በገዛ እጃቸው መመርመር ለሚፈልጉ ነው። ጥገናውን ሁሉ ራስዎ ይሥሩ አልልም። ብልሽቱን ለክቶ ያወቀ ሰው ግን መካኒክ ጋ ቢሄድ እንኳን ገንዘቡን የሚያወጣው ለተበላሸው ዕቃ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። በምርጫው ላይ ግን አብዛኛው መመሪያ የማይነግረን አንድ ነገር አለ፤ መጽሐፍ ላይ የምናነበው ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ሲሆን ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

1. መጀመሪያ መኪናዎን ያጥኑ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። መኪናው የተሠራበትን ዓመት፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ መሆኑን፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩ 12 ወይም 24 ቮልት መሆኑን ይጻፉ። ከዚያ ከመሪው በታች ጎንበስ ብለው አንድ ጎኑ ሰፋ ሌላው ጠበብ ያለ፣ 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ይፈልጉ። የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነር፣ የሚሰካው እዚያ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ኦቢዲ 2 የተባለውን የምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ ግዴታ ሆኗል። በአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳዩ ግዴታ ለቤንዚን መኪኖች በ2001፣ ለናፍጣ ደግሞ በ2004 መጣ። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ ሶኬቱ ኖሯቸውም ከተራ ስካነር ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። ካርቡራተር ያላት የድሮ ኮሮላ ወይም ፓምፑ ሜካኒካል የሆነ የናፍጣ ሃይሉክስ ካለዎት ደግሞ ስካነሩ የሚያነበው የሞተር ኮምፒውተር የለም። እንዲህ ላለው መኪና ስካነር አይግዙ፤ ገንዘቡን ቀጥሎ ወደምገልጻቸው መለኪያዎች ያዙሩት። 24 ቮልት የጭነት መኪና የያዘ ሰውም ይጠንቀቅ። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ስካነር እዚያ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል።

2. ከሁሉ በፊት መልቲሜትር ይግዙ

ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ «የቱን ስካነር ልግዛ?» ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጀመሪያ መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልት፣ አምፔርና መቋቋም የሚለካ መሣሪያ። ይህን የተማርኩት በአንድ የክረምት ማለዳ ነው። የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ባትሪው ሞቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያው «ጠቅ» ተመለሰ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ጠጋ ብለው «አብሽር ልጄ፣ ባትሪው ምን በደለ? እስቲ ማሳውን እንየው» አሉኝ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈው አስነሳ አሉኝ። ማያው ላይ 1.8 ቮልት ወጣ። ከ0.2 ወይም ከ0.3 ማለፍ ያልነበረበት ቁጥር ነው። ማሳ የሚባለው፣ ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው ገመድ፣ ጫፉ ዝጎ ነበር። ብሎኑን ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተጉት፣ አጥብቀው መለሱት። እንደገና ስንለካ 0.1 ሆነ፤ ሞተሩም በአንድ ዙር ተነሣ።

ስለዚህ ሲገዙ የሚከተሉትን ይመልከቱ። መልቲሜትሩ ቮልትን ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም 12.64 ብሎ የሚያሳይ ይሁን። ገመድ ያልተበጠሰ መሆኑን በድምፅ የሚነግር ክፍል ይኑረው፤ ኮፋኖ ሥር አንገትዎን አጣመው ማያውን ማየት ስለማይችሉ ይህ ድምፅ ትልቅ እገዛ ነው። የ10 አምፔር ቀዳዳው በፊውዝ የተጠበቀ ይሁን። ርካሾቹ ላይ ከቀዳዳው አጠገብ ፊውዝ የለውም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያያሉ፤ እነሱን ይተዉአቸው። የሴንሰር መሥመር ለመለካት የውስጥ መቋቋሙ 10 ሜጋ ኦም የሆነውን ይምረጡ። ገመዶቹ ወፍራምና ልምጥ ይሁኑ፤ የአዞ አፍ የሚመስል መቆንጠጫ ቢኖራቸው አንድ እጅዎ ነጻ ይሆናል።

የሚፈልጓቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። አርፎ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቷል። ሞተር ሲነሣ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላገኙ ዲናሞውን ይጠርጥሩ። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ቀዩ ገመድ የአምፔር ቀዳዳ ውስጥ እያለ ሁለቱን ጫፎች በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ በፍጹም አያሳርፉ። ፊውዙ ይቃጠላል፤ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ መሣሪያው እጅዎ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የሙከራ መብራት የሚባለው፣ ባለ ሹል ጫፍና ባለ ገመድ አምፖል፣ ፊውዝና አምፖል ለመፈተሽ ይጠቅማል። ከገዙ ግን ባለ ኤልኢዲውን ይምረጡ። ባለ ክር አምፖሉ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የኮምፒውተር መሥመር ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

3. ስካነር ሲመርጡ ከኮዱ በላይ የሚናገረውን ይፈልጉ

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ መሰኪያ አለ፣ የራሱ ማያ ያለው በእጅ የሚያዝ አለ፣ ለጋራዥ የሚሆን ታብሌት መሰል ውድ መሣሪያም አለ። ለአንድ ቤተሰብ መኪና ሦስተኛውን አልመክርም። ከሁለቱ የቱንም ይግዙ፤ ዋናው መመዘኛ ግን የሞተሩን መረጃ በሥራ ላይ እያለ ማሳየቱ ነው። ኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር፣ አንብቦ ከማጥፋት ሌላ የማያውቅ ስካነር ግማሽ መሣሪያ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮድ የበሽታ ምልክት ይናገራል፤ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይጠራም። ለምሳሌ ፒ 0171 ማለት ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ከአየሩ አንጻር አንሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን እውነቱን የተናገረ ምስክር ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ማስተካከያ የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን መቶኛ ይክፈቱ፤ በጤናማ ሞተር ላይ ከዜሮ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 ብዙ አይርቅም። መኪናው ቆሞ ሲሠራ 25 ሆኖ ነዳጅ ሰጥተው ዙሩን 2,500 ሲያደርሱት ወደ 5 ከወረደ፣ የሆነ ቦታ የተቀደደ ቱቦ አየር እየሳበ ነው። ዙሩ ሲጨምር መቶኛውም ከጨመረ የነዳጅ ፓምፑን ወይም ፊልትሮውን ይመርምሩ። አንድ ወዳጄ በዚህ መንገድ ከአየር ማጣሪያው ኋላ የተሰነጠቀ ጎማ አገኘ፤ ሴንሰሩን ሳይነካ ተገላገለ።

ፒ 0301 ደግሞ 1ኛው ሲሊንደር በትክክል እየተቀጣጠለ አይደለም ይላል። ኮይሎቹ ለእያንዳንዱ ካንዴላ ለየብቻ ከሆኑ የ1ኛውን ኮይል ከ3ኛው ጋር ያቀያይሩና ኮዱን አጥፍተው ይንዱ። ተመልሶ የሚመጣው ፒ 0303 ከሆነ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተለወጠ ካንዴላውን፣ ቀጥሎም የሲሊንደሩን ግፊት ይመልከቱ። ኮድ ከማጥፋትዎ በፊት ሁልጊዜ ቁጥሩን፣ ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ የነበረበትን ሙቀትና ዙር ይጻፉ። ሲያጠፉት ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል።

ብሉቱዙን ከመረጡ ከስልክዎ ጋር መስማማቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙዎቹ ርካሽ መሰኪያዎች ከአንድሮይድ ጋር ብቻ ይሠራሉ፤ ለአይፎን በዋይፋይ የሚገናኝ ወይም ለእሱ የተሠራ ያስፈልጋል። ገበያው በርካሽ ቅጂዎች የተሞላ ነው፤ አንዳንዶቹ የመኪናውን ቋንቋ በከፊል ብቻ ያውቃሉ። የሚቻል ከሆነ ሳይከፍሉ በራስዎ መኪና ላይ ሰክተው ይሞክሩት።

4. ግፊት የሚለኩ መሣሪያዎችና የእኛ ከፍታ

የቆየ መኪና ለያዘ ሰው ከስካነር ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። ከፍታ የሚጫወተውም እዚህ ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ደሴ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ 81 ገደማ ይሆናል። መኪናዎ የአየር ግፊት ሴንሰር ካለው ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ፤ ደሴ ላይ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ንባቡን ከስካነሩ ይጻፉ፣ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ላይ ይድገሙት። ቁጥሩ ከ75 ወደ 81 ከተቀየረ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። «101 ማሳየት ነበረበት» ብሎ የሚያስቀይርዎ ሰው ካለ አይስሙት።

የሲሊንደር ግፊት መለኪያ፦ ለቤንዚን ሞተር በካንዴላው ቀዳዳ በጥርስ የሚታሰረውን ይግዙ፤ በእጅ ተጭነው የሚይዙት ዓይነት አየር ያስመልጣል። ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ፣ ነዳጁንና እሳቱን ያቋርጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠው ሞተሪኖውን ያዙሩ። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚል ከሆነ ደሴ ላይ 135 አካባቢ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ስስ አየር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ቶዮታ ለብዙ ሞተሮቹ የሚፈቅደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ያህል ነው። አንዱ ዝቅ ካለ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቮቹን ወይም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ይጠርጥሩ። የናፍጣ ሞተር ግፊት ከቤንዚኑ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ የቤንዚኑን እዚያ አይሞክሩ።

የቫኪዩም መለኪያ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ ያለውን የመሳብ ኃይል የሚለካው፣ ርካሽና ብዙ የሚናገር መሣሪያ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ ደሴ ላይ ከ9 እስከ 13 ይጠብቁ። ቀለሙ አረንጓዴና ቀይ ሆኖ የተከፋፈለውን ፊት አይመኑት፤ ለእኛ አልተሳለም።

የራዲያተር ግፊት መፈተሻ ደግሞ በወሎ ደጋ ለሚነዳ ሰው ከሁሉ የሚቆጭ ጉድለት የሚያጋልጥ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች የራዲያተር ፋን የሚነሣው ደግሞ 93 ወይም 95 ላይ ነው። ውሃው ቀድሞ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ከላላ ፋኑ ሳይነሣ ውሃው ይፈላል፣ ባለቤቱም ፋንና ቴርሞስታት ሲቀይር ይከርማል። መፈተሻው በእጅ የሚነፋ ፓምፕና መለኪያ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ነፍተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቀስቱ ከወረደ ማፍሰሻውን ይፈልጉ። ሲገዙ ክዳኑን ለብቻው መፈተሽ የሚያስችል ማገናኛ አብሮት መኖሩን ያረጋግጡ።

5. ሱቅ ውስጥ ሳይከፍሉ የሚደረግ ፍተሻ

አዲስ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይሂዱ። መልቲሜትሩ ከ1.5 እስከ 1.65 ካላሳየ ይመልሱት። ሁለቱን ጫፎች አነካክተው መቋቋሙን ይለኩ፤ ከ0.5 ኦም በላይ ከሆነ ገመዱ ደካማ ነው። የግፊት መለኪያ ቀስት ሳይነካ ዜሮ ላይ መቀመጥ አለበት።

የኤርባግ መሥመር፣ ብዙውን ጊዜ ብጫ ሽፋን ያለው፣ በመልቲሜትር አይነካም። የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች ብርቱካናማ ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚሸከሙ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ለእነሱ አይሠራም፤ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉአቸው።

መልቲሜትርና ስካነር የየራስ ይሁን፤ በየወሩ ይፈለጋሉ። የሲሊንደርና የራዲያተር መለኪያ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ድንኳንና ድስት በጋራ እንደሚይዝ ሁሉ፣ እኛም አራት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን ገዝተን በየተራ እናስቀምጠዋለን። ከሳጥኑ ጋር አንድ ደብተር አለ። የተጠቀመ ሰው ቀኑን፣ መኪናውን፣ ያገኘውን ቁጥር፣ እንዲሁም የለካው ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ሐይቅ መሆኑን ይጽፍበታል።