የቤት ግንባታ ውል፦ ክፍያውና ርክክቡ እንዴት ይጻፍ?

ሰዎች ቤት ሊያስጀምሩ ሲሉ ፕላናቸውን ጠቅልለው ይመጡና «እስቲ እዪልን» ይሉኛል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ውሉን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። ስለ ክፍያ «እንደ ሥራው ሂደት ይከፈላል» ይላል፤ ስለ ጊዜ ደግሞ «በስምንት ወር ተጠናቆ ይረከባል»። በቃ። ጅማ ውስጥ በተቆጣጣሪነት ስሠራ ባለቤትና ኮንትራክተር ሲካሰሱ የማየው ከሞላ ጎደል በእነዚሁ ሁለት መስመሮች ሰበብ ነው።

ውሉን ስታዘጋጁ አንድ ነገር ያዙ። ሥራው ነገ ጠዋት ቢቋረጥ፣ የከፈላችሁት ብር መሬት ላይ ከሚታየው ሥራና በስማችሁ ከተገዛው ማቴሪያል መብለጥ የለበትም። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በቅድሚያ ክፍያ እንጀምር። በመንግሥት ሥራ ላይ እስከ 30 በመቶ ይሰጣል፤ ያም በዋስትና ነው። ለግል ቤት ግን 20 በመቶ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ። ትንንሽ ተቋራጮች የባንክ ዋስትና አምጡ ቢባሉ አይችሉም፤ ስለዚህ ቅድሚያውን ለእነሱ ከመስጠት ለፌሮና ለሲሚንቶ ሻጩ በቀጥታ አስገቡት፣ ደረሰኙም በእናንተ ስም ይቆረጥ። ቅድሚያው ከየክፍያው ላይ በተመሳሳይ መቶኛ እየተቀነሰ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ኋላ «እሱማ ለመነሻ የተሰጠኝ ነው» የሚል ክርክር ይመጣል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ውሉ ከነማቴሪያሉ 4,000,000 ብር ነው እንበል። ቅድሚያው 20 በመቶ፣ ማለትም 800,000 ብር ተሰጥቷል። የመጀመሪያው ልኬት ሲሠራ እስከ ግሬድ ቢም (መሠረቱ ላይ በአግድም የሚሞላው የኮንክሪት ማሰሪያ) ያለው ሥራ 900,000 ብር አወጣ። ከዚህ ላይ የቅድሚያው መመለሻ 180,000፣ ሪቴንሽን የሚባለው፣ ጉድለት ቢገኝ ተብሎ ከየክፍያው የሚያዘው የ5 በመቶ መያዣ ደግሞ 45,000 ይቀነሳል። ለኮንትራክተሩ የሚገባው 675,000 ብር ነው። ይህን ስሌት ውሉ ጀርባ ላይ እንደ ምሳሌ አያይዙት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በኋላ ካልኩሌተር ይዞ መጯጯህ አይኖርም።

የክፍያ ደረጃዎቹን ስትጽፉ ዓይን የሚያየውን ጻፉ። «መሠረት ሲያልቅ» አይበቃም። «ግሬድ ቢሙ ተሞልቶ፣ ጣውላው ተነስቶ፣ ውስጡ በገረጋንቲ ተሞልቶና ተጠቅጥቆ ሲያልቅ» በሉ። ለጣሪያም እንዲሁ፦ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ አሸንዳው ተገጥሞ፣ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ መሬት ደርሶ። መውረጃው ካልተጻፈ ማንም አያስታውሰውም፤ ሐምሌ ላይ ውሃው አዲሱን ልስን እያጠበ ሲወርድ ነው የሚታወሰው።

ልስን ራሱ አንድ ጣጣ አለው። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 12 ካሬ ነው። 1.5 በ1.2 መስኮት ካለበት 1.8 ካሬ ይቀነሳል፤ 10.2 ይቀራል። ኮንትራክተሩ «የመስኮቱን ጎንና ጎን ለስኛለሁ፣ ለምን ይቀነሳል?» ይላል። እውነቱን ነው፣ የጎኑ ልስን ጊዜ ይበላል። ወይ ክፍቱን ቀንሱና ጎኑን ለብቻ ለኩ፣ ወይ ምንም ሳትቀንሱ ጎኑን በነጻ አስቡት፤ የቱንም ብትመርጡ ቀድሞ ይጻፍ። ልኬቱን ሁለታችሁ አብራችሁ ለኩ፣ ወረቀቱን እዚያው ሳይት ላይ ፈርሙ።

ጅማ ላይ ሲሆን በአንድ ሥራ ላይ ቁርጥ ዋጋ አትቀበሉ፦ ቁፋሮና የመሠረት ድንጋይ። ከተማው ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር አለ። ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልቅ ሳይቆፈር አይታወቅም። በቁርጥ ከተዋዋላችሁ ኮንትራክተሩ ወይ ፈርቶ ዋጋ ይቆልላል፣ ወይ አሳጥሮ ቆፍሮ ይሸፍነዋል። ይህን በሜትር ኩብ፣ ሌላውን በቁርጥ አድርጉት።

ክፍያ የሚለቀቅበትን ቀንም ቁረጡ፤ ልኬት በተፈረመ በ7 ቀን ውስጥ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ለኮንትራክተሩ እወግናለሁ። ብዙ አሠሪ ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ሲሸጥ ነው። ግንቦት ላይ እጁ ይደርቅና «ትንሽ ታገሱኝ» ይላል፤ ሠራተኛው ግን ደመወዙን በሳምንቱ ይጠብቃል። እንግዲህ ትልልቆቹን ክፍያዎች ገንዘብ እጃችሁ በሚገባበት ወር ላይ እንዲያርፉ አድርጋችሁ ሥራውን አሰልፉ። ክፍያ ከዘገየም የዘገየው ቀን በማጠናቀቂያው ጊዜ ላይ እንደሚጨመር ጻፉ። የምትከፍሉት በባንክ ይሁን፤ ምክንያቱ ላይ «ሁለተኛ ክፍያ» ብላችሁ አስሞሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ስምንት ወር የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከፊርማው? ቅድሚያው ከገባበት? ቦታው ነጻ ሆኖ ከተሰጠበት? ከሦስቱ በመጨረሻ ከተፈጸመው ቀን ይቆጠር። ዝናብ ደግሞ በጅማ ሰበብ ሊሆን አይገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚዘንብ ኮንትራክተሩም ያውቃል፤ ስለዚህ «የተለመደው የክረምት ዝናብ በውሉ ጊዜ ውስጥ ታስቧል» የምትል መስመር ጨምሩ። ለመዘግየት መቀጫው በቀን 0.1 በመቶ፣ ጣሪያው 10 በመቶ ይሁን። በምሳሌያችን በቀን 4,000 ብር ነው፤ በ100 ቀን 400,000 ደርሶ ይቆማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጉዳት ባይደርስም እንኳ በውል የተቆረጠ መቀጫ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል።

«አለቀ» የሚባለውስ መቼ ነው? ጊዜያዊ ርክክብ ቀን ላይ ሁለት በርሜል ውሃ አስመጡ። አንዱን መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ድፉትና ቁሙ፤ ውሃው ወደ መውረጃው ይሄዳል ወይስ በር ሥር ተኝቶ ይቀራል? ሁለተኛውን በሽንት ቤቶቹ ልቀቁና ሴፕቲክ ታንኩ አፍ ላይ ሆናችሁ መድረሱን እዩ። እያንዳንዱን ቁልፍ አዙሩ፣ እያንዳንዱን ሶኬት ሞክሩ። የተገኘውን ጉድለት ሁሉ ጻፉ፣ የሚስተካከልበትን ቀን ቁረጡ፣ ከዚያ ፈርሙ። ሳይፈርሙ መግባት ግን ይቅር፤ ዕቃችሁን ካስገባችሁ ተረክባችኋል የሚል ሰው አይጠፋም።

ከመያዣው ግማሹ፣ በምሳሌያችን 100,000 ብር፣ ያን ቀን ይለቀቃል። ግማሹ የሚቆየው አንድ ዓመት ሙሉ ነው። አንዳንዱ «ስድስት ወር ይበቃል» ይላችኋል። ጥቅምት ላይ የተረከባችሁት ቤት ስድስት ወሩ የሚሞላው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው አንድም ክረምት ሳያይ መያዣው ወጣ ማለት ነው። አትስማሙ።

መያዣው ከተለቀቀ በኋላም የኮንትራክተሩ ኃላፊነት አያልቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል፤ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት የመጣ ጉዳትም አይቀርለትም። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ስምምነት ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም።

ውሉን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ያለዚያ የጽሑፍ ውል አይጸናም። ክርክር ቢነሳ ጉዳዩ የሚታየው በአፋን ኦሮሞ ነውና፣ ውሉን ከመጀመሪያው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁትና ልዩነት ቢገኝ የትኛው እንደሚጸና አንድ መስመር ጨምሩ። ኮፒው በእያንዳንዳችሁ እጅ ይሁን፣ አንዱንም ለተቆጣጣሪው ስጡ።